ኬሞቴራፒ የሚያዝልን ሐኪም እንዴት እናገኛለን?

(ለክሊኒካችን ደንበኞች ከተሰጠ የጤና ትምህርት የተወሰደ)



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ለመጥራት ስለምንፈራው ስለ ካንሰር ነው። “የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ውስጥ የካንሰርን ወሬ ምን አመጣው?” የሚል ይኖር ይሆናል። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡት ካንሰርና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። እንክብል ልትወስድ ወይም ሉፕ ልታስገባ የመጣች እህት በጡቷ ያለው እብጠት ወይም በማኅፀኗ በር ያለው ቁስል መጀመሪያ የሚታየው እንደዚህ ባለ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ባልና ሚስት ደንግጠው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ጎረቤቱም ዘመዱም የየራሱን ይመክራል። አንዱ “ቶሎ ኬሞ አሲዛት” ይላል። ሌላው “ቢላ ከነካው ይሰራጫል፣ እንዳታስነካት” ይላል። እንዲህ ሲባል ሁለትና ሦስት ወር ያልፋል። በሽታው ግን ምክራችንን እስክንጨርስ አይጠብቅም። እንግዲህ የዛሬው ትምህርታችን ዓላማ ይህን የሚባክን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ኬሞቴራፒ ምንድነው?

ኬሞቴራፒ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። የካንሰርን ሴል የሚገድሉ ወይም እንዳይባዛ የሚገቱ የብዙ መድኃኒቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ለአንዱ የካንሰር ዓይነት የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። መጠኑ የሚወሰነው በአብዛኛው በታማሚዋ ቁመትና ክብደት ተሰልቶ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊትም ደሟ ይመረመራል። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ ግን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጥም አለ።

ተራውም ይለያያል። ለአንዷ ቀዶ ሕክምናው ቀድሞ ኬሞው ይከተላል። ለሌላዋ እብጠቱ እንዲቀንስ ኬሞው ይቀድማል። ለማኅፀን በር ካንሰር ከጨረር ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ኬሞ ጨርሶ የማያስፈልጋት ታማሚም አለች። በመሆኑም ለጎረቤት የታዘዘውን ስም ይዞ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መዞር ጥቅም የለውም። ይህን የሚወስነው የካንሰር ስፔሻሊስት፣ ማለትም ኦንኮሎጂስት ነው።

ወደ ስፔሻሊስቱ የሚያደርሰው መንገድ

ስፔሻሊስቱ ፊት ባዶ እጅን መቅረብ ሌላ ቀጠሮ ይዞ መመለስ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው “የፓቶሎጂ ውጤት አላችሁ?” የሚል ነው። ስለዚህ እንደሚከተለው ብትሄዱ ይበጃል።

1ኛ. እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም ካለ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ታዩ።

2ኛ. ከዚያ የሪፈራል ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የጤና መድን አባል የሆናችሁ በተለይ ወረቀቱን አትዝለሉ፤ ያለ ሪፈራል የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

3ኛ. ናሙና ይወሰዳል። ናሙና መውሰድ ሕክምናውን የሚያስጀምር እንጂ በሽታውን የሚያሰራጭ አይደለም። በቀጭን መርፌ የተወሰደው ብቻ አይበቃም ተብሎ ሌላ ናሙና ቢጠየቅ አትከፉ። እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ደግሞ የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን ጠይቁ። ሳይመረመር ከተጣለ ስፔሻሊስቱ የሚመራበትን ዋና ማስረጃ ያጣል።

4ኛ. የጡት ካንሰር ከሆነ ሆርሞን ተቀባይና ሄር-ቱ የሚባሉት ምርመራዎች ሊታዘዙ ይችላሉ። ኬሞ ይሻላል ወይስ ለዓመታት የሚዋጥ የሆርሞን መድኃኒት ወይስ ሁለቱም የሚለውን ለመወሰን ይረዳሉ። ምርመራው የሚሠራው በሰም ተይዞ ከሚቀመጠው ናሙና ላይ ስለሆነ፣ ላቦራቶሪው “ብሎክ” የሚለውን ይህን ናሙና እንዲያቆይላችሁ ወይም እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

5ኛ. በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ አልትራሳውንድ፣ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ይህም “ደረጃ” የሚባለውን ይወስናል።

ውጤቶቹን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጉ፤ ፎቶ ኮፒም አስቀምጡ። ከባልና ከሚስት አንዱ የፋይሉ ጠባቂ ይሁን።

የት ይገኛሉ?

በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል በአገራችን የቆየው ነው፤ ለብዙ ዓመታትም የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ቦታ ነበር። ወረፋው የሚበዛውም ከመላ አገሪቱ ሰው ስለሚመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በጅማ፣ በጎንደር፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌና በሐረር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የካንሰር ሕክምና ተከፍቷል። ስለዚህ ክልል ያላችሁ ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈራችሁ በፊት ሪፈራል የጻፈላችሁን ሐኪም “ከዚህ ቅርብ የሆነ የካንሰር ክፍል የትኛው ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ኬሞ አንድ ቀን ተሰጥቶ የሚያበቃ ስላልሆነ፣ የሚመላለሱበት ቦታ ቅርበት ለትራንስፖርቱም ለታማሚዋ ጉልበትም ትልቅ ነገር ነው። በግል ሆስፒታልም የሚሠሩ ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ነገር ግን የአንዱን ዙር ሳይሆን የሁሉንም ዙር ዋጋ ጠይቃችሁ ጀምሩ። ገንዘብ አልቆ በመካከል ማቋረጥ የሕክምናውን ጥቅም ይጎዳል።

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ኬሞ የታዘዘላት እህት ደግሞ “ቁስሌ ዳነ፣ ተሽሎኛል” ብላ አትዘግይ። ከ3 ወር በላይ ከቆየ የሕክምናው ጥቅም እንደሚቀንስ ታውቋል።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

ስፔሻሊስቱ ዘንድ ሁለታችሁም ግቡ። አንዱ በድንጋጤ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል። ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። በሽታው ደረጃ ስንት ነው? ሕክምናው የታሰበው ለማዳን ነው ወይስ ሥቃይን ለመቀነስና ዕድሜ ለማራዘም? ስንት ዙር ነው? መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ይገኛል ወይስ ከውጭ ይገዛል? ከቀጠሮ ውጭ ብታመም በየት በኩል እገባለሁ? ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

የባልና ሚስት ጉዳይ

አሁን ሌላ ቦታ ላይነገራችሁ ወደሚችለው እንመለስ።

ኬሞ በሚወሰድበት ጊዜ እርግዝና ሊኖር አይገባም፤ ጽንሱ ሊጎዳ ይችላል። የወር አበባ ቢቀርም እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሆርሞን ያለባቸውን መከላከያዎች፣ ማለትም እንክብሉን፣ መርፌውንና በክንድ የሚቀበረውን መጠቀም የለባትም። ለእሷ የሚስማማው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ፈሳሽ ስለሚወጣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ለጥቂት ቀናት ኮንዶም መጠቀም ይመከራል። ኬሞ የሚወስደው ባል ቢሆንም ሚስት እንዳታረግዝ መከላከል ያስፈልጋል። የምታጠባ እናትም ኬሞ ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሙ ትንገር፤ ማጥባቱ መቆም ይኖርበታል።

አንዳንድ ኬሞዎች የመውለድ ችሎታን ሊቀንሱ ወይም ሊያጠፉ ይችላሉ። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ዙር በፊት አንሡ። ከተጀመረ በኋላ ማንሣት ብዙ ጊዜ የረፈደ ነው።

እርጉዝ ሆና ካንሰር የተገኘባት እህትም ተስፋ አትቁረጥ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ኬሞ አይመከርም፤ ከዚያ በኋላ ግን የካንሰርና የማኅፀን ሐኪሞች ተመካክረው ሊሰጧቸው የሚችሏቸው መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ እርግዝናን መደበቅ ለእናትም ለልጅም አይበጅም።

ቤት ውስጥ

ኬሞ ጸጉር ያረግፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል። ለማቅለሽለሹ መድኃኒት አለ፤ ጸጉሩም ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። የማይናቀው ትኩሳት ነው። ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ካንቀጠቀጠ ኬሞው ነጭ የደም ሴሎችን ቀንሶ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ውሰዷት። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ።

ጠበል ለሚጠመቁ ወይም ዱዓ ለሚያስደርጉ የምንለው አንድ ነው። እምነታችሁን ያዙ፤ የኬሞውን ቀጠሮ ግን አታሳልፉ። የማይታወቅ ቅጠልና ሥር መጠጣት ከኬሞው ጋር ሊጣላ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውሰዱ።

በመጨረሻ፣ ወንድሞቼ ሆይ! የማኅፀን በር ካንሰር ተገኘ ሲባል “ከየት አመጣሽው?” የሚል ጥያቄ ትዳር ያፈርሳል። ለዚህ ካንሰር ዋና መነሻ የሆነው ቫይረስ በጣም የተለመደ ነው። ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ሚስታችሁ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋት መርማሪ አይደለም። ፋይሉን የሚይዝ፣ ወረፋ የሚጠብቅ፣ ልጆቹን የሚያበላ ባል ነው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባላል። ምልክት ያያችሁ ዛሬውኑ ለነርሷ ንገሩ፤ የሪፈራል ወረቀቱ ከዚህ ይጀምራል። ምልክት የሌላችሁም ዕድሜያችሁ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ እህቶች የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ሳታደርጉ አትመለሱ።