አደይን ከዘር ስለ ማብቀል



በመጸው የሚያብበው የሜዲትራኒያን ክሮከስ ከዘር ሲበቅል ለአበባ የሚደርሰው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ይሁን እንጂ ከመሬት በታች ሽንኩርት መሰል ሥር ስላለው አበባው ቢቀጠፍም በዓመቱ ይመለሳል። የእኛው አደይ አበባ እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በክረምት ዝናም በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ በበጋው መግቢያ ይደርቃል፤ ለከርሞ የሚያተርፈው ዘሩን ብቻ ነው።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የጮቄ ግርጌ አደይ የሚገኘው በእርሻ ወሰን፣ በድንጋይ ክምርና በግጦሽ ዳር ነው። ወሰኑ በታረሰ ቁጥር መኖሪያው ይጠብበታል። ለእንቁጣጣሽ የሚቀጥፉትን ልጃገረዶች አልከስስም፤ ጥቂት ዘለላ ቢጎድል ተክሉ ሌላ ያብባል። የሚያጠፋው ከነሥሩ መነቀሉና ዘሩ ሳይበስል መታጨዱ ነው።

ስለ አዘራሩ የራሴን ስሕተት ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩን እንደ ባቄላ ቀበርሁት፤ አንዲት እንኳ አልወጣችም። በተከታዩ ዓመት ግን በኅዳር ከደረቀው አበባ ራስ ለቅሜ፣ በወረቀት ከረጢት አቆይቼ፣ በሰኔ በለሰለሰ አፈር ላይ በትኜ በመዳፌ ብቻ ተጫንሁት። በቀለ። አደይ ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነውና የኑግን አዘራር የሚያውቅ ገበሬ ይህ አይደንቀውም፤ የተደነቅሁት እኔ የተማርሁት ነኝ።

በየሥራ ቦታችሁ ግቢ አደይ የበቀለበት ዳርቻ እስከ ኅዳር መጨረሻ እንዳይታጨድ እለምናለሁ። ዘር ለሚሻም በከረጢቴ ጥቂት ቀርቶኛል።