ቤተ እስራኤል በፊልም



ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት እስከ ሐይቅ ድረስ መጥቶልናል። ስለዚህ ስለ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከተሠሩት ፊልሞች ስለ ሁለቱ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ውስጥ 8,000 ያህሉ በ1977 ዓ.ም. በ«ዘመቻ ሙሴ» ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ብዙዎች ግን በመንገድና በመጠለያ በረኀብና በበሽታ አለቁ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ ያቀረበው «ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የእስራኤል ሰላዮችን ጀግንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «የበለስ ዛፍ» ግን ከቤተ ሰብ ይነሣል። ደራሲዋና አዘጋጅዋ አለምወርቅ ዴቪድያን ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እስራኤል የሄደች ናት። በፊልሙ የ16 ዓመቷ ሚና ከአዲስ አበባ ልትሄድ ነው፤ የምትወደው ክርስቲያን ወጣት ግን ከወታደር አፈሳ ተሸሽጎ ይቀራል። ማንን ይዛ ማንን ትተው?

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የራሱን ታሪክ ያልተናገረ ሰው ሌላው እንደ ወደደ ይተርክለታል። የሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች በብራና ጽፈው አቆዩልን። እኛም አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና።