ፈረንሳይኛ ምን እንጀራ ይሆናል ለምንል ሁሉ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር)



ስለ መዋጮውና ስለ ውኃ መውረጃው ቦይ ከመነጋገራችን በፊት ስለ አንዲት ልጃችን ጥቂት እንበል። ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ትምህርት ክፍል ደረሳት። ወሬው ሲሰማ ሠፈሩ ሐዘን የገባው መሰለ። «ምነው ሕክምና በሆነ!»፣ «ፈረንሳይኛ ምን እንጀራ ይሆናል?» ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኛም እንዲሁ ካሉት መካከል ነበርን። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ሄደች። አሁን ለዕረፍት መጥታ ስናነጋግራት ግን ያፈርነው እኛ ነን።

ለመሆኑ ፈረንሳይኛ ለአዳማ እንግዳ ነው ወይ? ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም አዋሽን፣ መተሐራን፣ ወለንጪቲን፣ የእኛን ከተማና ሞጆን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አዲስ አበባ «ለገሃር» የምንለውም ከዚሁ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ቋንቋው የፈረንጅ ብቻ ይመስለን ነበር። ልጅቱ ግን ኡስማን ሴምቤን ስለሚባል የሴኔጋል ደራሲ አጫወተችን። ሰውዬው ገና በልጅነቱ ትምህርት ያቋረጠ፣ በማርሴይ ወደብ የጭነት ሠራተኛ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ልብ ወለድ የዳካር–ኒጀር ባቡር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1947 እና 1948 ያደረጉትን የሥራ ማቆም አድማ ተርኳል። ጥያቄያቸው ከነጮቹ ሠራተኞች እኩል መብት እናግኝ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶቹ ከቲየስ እስከ ዳካር በእግራቸው ይጓዛሉ። ይህን ስንሰማ የራሳችን ባቡር ጣቢያና ሠራተኞቹ ትዝ አሉን። የገዢዎቹን ቋንቋ ይዞ የሠራተኛውን ብሶት ነገረበት ማለት ነው። እኛም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ነንና ነገሩ ልባችንን ነካው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ!

ስለ እንጀራውም ቢሆን ጅቡቲ ጎረቤታችን ናት፤ የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ፈረንሳይኛ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረትም የሥራ ቋንቋ ነው። ሥራ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል አንልም፤ እንግሊዝኛውንና ኮምፒውተሩንም አጠንክራ መያዝ አለባት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ልጅ በደረሰው ትምህርት ማንም አያሸማቀው። ሁለተኛ፣ ከማኅበሩ ገንዘብ አንድ መዝገበ ቃላት ይገዛላት። ሦስተኛ፣ እሷም ፈቅዳለችና በክረምቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ ልጆቻችንን ታስተምር። የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ፤ ከሌለ ወደ ቦዩ ጉዳይ እንለፍ።