በዛብህ ለምን ሞተ?



በዚህ የደስታ ምሽት ስለ አሳዛኝ መጨረሻ ላውራ ስል አዘጋጆቹ ትንሽ ደንገጥ ብለው ነበር። አይዟችሁ፣ እራቱ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ልጅ ሳለሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ እኛ ቤት ቡና እንኳ አይወቀጥም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። ደብዳቤ የለም፣ መርዶም የለም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡም። እናቴ በልጇ ላይ እንዳታሟርት ፈርታ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። በዛብህ የሞተ ዕለት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እሪ አለች። ጎረቤቶች ሮጠው ገቡ። «ልብ ወለድ እኮ ነው» ያላት ሰው የለም። ለማን እንደምታለቅስ ሁሉም ያውቅ ነበርና አብረዋት ተቀመጡ።

እስቲ አስቡት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድል ያለ ሰርግ ቢድሯቸው ኖሮ ምን እንል ነበር? ፊታውራሪ መሸሻም ለካ ልባቸው ይራራል፣ ሥርዓቱም ቢታገሡት ይለዝባል ብለን መጽሐፉን እንከድን ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበን ልጁን ከአገሩ ማን እንዳሳደደው ስለምናውቅ ነው። ሐዘን ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። መጨረሻ ሲጠፋው መኪና ልኮ ሰው የሚያስገጭ ደራሲም አለ፤ እሱን ተዉት።

እኔም ከዓመታት በኋላ የፊልም ድርሰት ጻፍኩ። ልጁ ዘምቶ አይመለስም። ፕሮዲውሰሩ «ሰው ከፍሎ ሊያለቅስ አይገባም፣ መልሰው» አለኝ። መለስኩት። አውሮፕላን ማረፊያ፣ አበባ፣ እልልታ! ፊልሙ ገንዘብ አገኘ። እናቴ ከሲኒማ ቤቱ ስትወጣ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለችኝና ስለ ታክሲ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልሙ አንስታ አታውቅም። እሷ ቤት የተመለሰ የለም።

የመጀመሪያው ድርሰት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እናቴ ዘንድሮ 84 ዓመቷ ነው። ከመካከላችሁ ፊልም የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ከእራት በኋላ ፈልጉኝ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ ቁረጡት፣ መጨረሻውን ግን አትንኩብኝ።