ቆሮሶን በጓሮ ገንዳ ስለ ማርባት፦ ሕጉ ምን ይላል? ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)




ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዘንድሮው ጉባዔ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ታላላቆቹ ሐይቆቻችን እንድናገር የታሰበ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን በፈቃዳችሁ ከሐይቅ ወደ ጓሮ፣ ከመረብ ወደ ሮቶ ዝቅ ብዬ፣ በግቢው ውስጥ ጥቂት ቆሮሶ የሚያረባ ሰው በሕግ ፊት ያለበትን ሁኔታ መመርመር መርጫለሁ። ምክንያቱንም አልሸሽግም፤ ያ ሰው እኔ ራሴ ነኝ።

1. ስለ ዘዴው በአጭሩ

አኳፖኒክስ የሚባለው ዘዴ ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውኃ የማልማት ጥበብ ነው። ዓሣው በገንዳ ውስጥ ይመገባል። ከእርሱ የሚወጣው አሞንያ በጠጠሩ ላይ በሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ሰላጣውና ቆስጣው ናይትሬቱን ለምግባቸው ይወስዱትና ውኃው ነጽቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው መመሪያ ለአነስተኛ አልሚዎች በ1,000 ሊትር ውኃ ከ20 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ዓሣ እንዲያዝ፣ ለቅጠላ ቅጠል አትክልትም በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ እንዲታሰብ ይመክራል። እንግዲህ አንድ ሮቶና ጥቂት ሜትር መደብ ያለው ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ቆሮሶ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በጠባዩ ነው። መጨናነቅን ይችላል፤ ያገኘውን ይመገባል፤ ሙቀቱ ከተስማማው በጥቂት ወራት ውስጥ ለመራባት ይደርሳል፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ለአርቢው ምርቃት የሆነው ይህ ጠባይ ለሕግ አውጪው ግን የሥጋት ምንጭ ነው።

2. ሕግ ስለ አንድ ዓሣ ለምን ይጨነቃል?

በዚህ ረገድ የአሜሪካይቱ የፍሎሪዳ ግዛት ታሪክ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የግዛቲቱ የዱር አራዊትና የዓሣ ኮሚሽን የውኃ ውስጥ አረም ይቀንስ እንደሆነ ለመሞከር ሦስት ሺህ ያህል የቲላፒያ ዓሣዎችን ወደ ምርምር ጣቢያው አስመጣ። በመጀመሪያ የናይል ቆሮሶ ነው ተብሎ የተመዘገበው ዓሣ በኋላ ሲመረመር ሰማያዊ ቲላፒያ የሚባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። ዓሣው ከጣቢያው ወጥቶ በሰው እጅ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ተዛመተ፤ ዛሬም በብዙ የፍሎሪዳ ውኆች ውስጥ ይገኛል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የወጡት ደንቦች ጥብቅ ቢሆኑም የወጣውን ዓሣ አልመለሱትም። በዚያች ግዛት የናይል ቆሮሶን ማርባት የሚሻ ሰው ገንዳው በጓሮው ቢሆንም እንኳ የግዛቲቱን የእርሻ መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በአንድ ግዛት ሕግ ተከልክሎ የተያዘን እንስሳ ድንበር አሻግሮ ማጓጓዝን የፌዴራል ወንጀል አድርጎታል።

«ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ ቆሮሶ በፍሎሪዳ መጤ ቢሆን በእኛ አገር ባለ አገር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በአገራችን ያለውን የናይል ቆሮሶ በንዑስ ዝርያ ለይተው ገልጸውታል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የራሳቸው አላቸው፤ የአዋሽ ፍል ውኆች የራሳቸው አላቸው፤ የጣና ሐይቅ ቆሮሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ በስም ተመዝግቧል። ስለዚህ ከጣና የመጣ ቆሮሶ አዋሽ ሲገባ በስሙ የአገር ልጅ ቢሆንም በደሙ እንግዳ ነው። ሁለቱ ቢዳቀሉ ረዥም ዘመን የፈጀው ልዩነት በጥቂት ትውልድ ሊጠፋ ይችላል። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥም ካርፕና ዚሊ የተባለው የቲላፒያ ወገን በሰው እጅ የገቡ መሆናቸውን እናውቃለን።

3. አዋጆቹ ምን ደነገጉ?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ ሲወጣ የዓሣ ሀብትን ከብክነት መጠበቅንና የዓሣ እርባታን ማስፋፋትን ጎን ለጎን ዓላማው አድርጎ ተነሣ። ለንግድ የሚደረገውን ዓሣ ማስገር በፈቃድ ሥር አዋለ፤ የሕያው ዓሣ ዝውውርንና ባዕድ ዝርያ ማስገባትን ያለ ፈቃድ እንዳይሆን አደረገ፤ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎችንም ሥልጣን ሰጠ። ሕገ መንግሥቱ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን በፌዴራል ሕግ መሠረት ለክልሎች ስለሰጠ ክልሎችም የየራሳቸውን ደንብ ለማውጣት ይችላሉ፤ የአማራ ክልል የራሱን የዓሣ አዋጅ ማውጣቱ ለዚህ ምሳሌ ነው። በመሆኑም በባሕር ዳርና በሐዋሳ ጓሮ ያሉ ሁለት አርቢዎች አንድ ዓይነት ወረቀት ይጠየቃሉ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የውኃ ነገር ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን መጠቀምንና በባህላዊ መንገድ እንስሳት ማርባትን ፈቃድ ከማያሻቸው ሥራዎች ቈጠራቸው። ዓሣ በሮቶ ማርባት «ባህላዊ የእንስሳት እርባታ» ይባላልን? ቃሉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት በሬና ፍየል እንጂ ቆሮሶ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው የጉርብትና ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረቱ በመብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ሽታውና ድምፁም ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ሌሊት የሚያጓራ ፓምፕ፣ መብራት በጠፋ ማግሥት የሞተ ዓሣ ሽታ፣ ወደ ጎረቤት አጥር የሚፈስ ውኃ ሁሉም በዚህ ቁጥር ሥር ይወድቃሉ። በልምዴ እንዳየሁት የጓሮ አርቢን ከተቆጣጣሪው ይልቅ ቀድሞ የሚከሰው ጎረቤቱ ነው።

4. ከራሴ ግቢ

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ገንዳዬን በቢሾፍቱ ግቢዬ ስተክል ጫጩቶቹን የገዛሁት ከአንድ ነጋዴ ነው። ከየትኛው ሐይቅ ዘር እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ እርሱም አልነገረኝም። ይህን የምናገረው በሙያው ለረዥም ዘመን ሌሎችን ያስተማርሁ ሰው ሆኜ ነው። ወንድና ሴቱን ሳልለይ ስላኖርኋቸው ዓመት ሳይሞላ ከሚበላው ይልቅ የሚርመሰመሰው ጫጩት በዛ።

ሕጋዊ ለመሆን አስቤ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ተቀበለኝና ቅጽ ሰጠኝ። በቅጹ ላይ «የኩሬው ስፋት በሄክታር» የሚል ጥያቄ ነበር። የእኔ ገንዳ ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም። «ምን ልሙላ?» ብዬ ብጠይቀው ልጁ ጥቂት አሰበና «አባባ፣ እንደዚህ ላለው ቅጽ የለንም» አለኝ። ፈቃድ አልከለከለኝም፤ አልሰጠኝምም። እኔም ቅጹን አጥፌ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በዚያው ሰሞን በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ ገንዳውን አይተው፣ «ልጄ፣ ነፍስ ያላቸውን ከምትገድል ወደ ሐይቁ ብትለቃቸው ምን አለበት? ሐይቁ ሰፊ ነው» አሉኝ። ምክራቸው የርኅራኄ ምክር ነበር፤ ለመመለስም ቃል አጠረኝ። አንድ ሺህ ገንዳ ያላቸው አንድ ሺህ ርኅሩኅ ሰዎች ይህንኑ ቢያደርጉ ምን እንደሚመጣ በረጋታ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ ጫጩቶቹን አውጥቼ ለዶሮዎች መኖ አደረግሁ፤ ትልልቆቹንም አጽድቼ ለጎረቤት አከፋፈልሁ።

ይሁን እንጂ ለእርሳቸው ያልነገርኋቸው አንድ ነገር አለ። ከዚያ ቀደም በአንድ የክረምት ቀን ገንዳውን ለማጠብ ስቸኩል ውኃውን ያለ ወንፊት ወደ ቦዩ ለቅቄው ነበር። ጎርፉ ቦዩን ሞልቶት ነበር። ከውኃው ጋር ያመለጠ ጫጩት ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍሎሪዳን በምሳሌ ያነሣሁት ሌላውን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳልኛል።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ሕጉ የተጻፈው ለሐይቅና ለኩሬ ነው፤ ሮቶው በኋላ መጣ። ክፍተቱ እስኪሞላ ድረስ ማኅበራችን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ የሚከተለውን ለውይይት አቀርባለሁ።

ሀ/ አባሎቻችን የሚመክሩት አርቢ ሁሉ ጫጩት ከሚኖርበት ተፋሰስ ዘር እንዲወስድ፣ የወላጆቹ ሐይቅ የተጻፈበት ደረሰኝም እንዲቀበል እናድርግ። ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት በዚህ ሊረዱን ይችላሉ።

ለ/ ገንዳ ከጎርፍ መንገድ ርቆ እንዲተከል፣ የፍሳሹም አፍ በጥቃቅን ወንፊት እንዲከደን እናስተምር። ዋጋው ከአንድ ከረጢት መኖ ያነሰ ነው።

ሐ/ የተረፈ ዓሣ በምንም ምክንያት ሕያው ሆኖ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ እንዳይለቀቅ የሙያ ግዴታችን አድርገን በመተዳደሪያችን እንጻፍ።

መ/ ለቤተሰብ ፍጆታ የሚያረባው ለገበያ ከሚያረባው ተለይቶ በአጭር ቅጽ በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የሚመዘገብበትን ሐሳብ አርቅቀን ለሚመለከተው ክፍል እናቅርብ። የሚሸጥ ከሆነ ግን የንግድ ፈቃዱም የምግብ ንጽሕናውም ግዴታ ከሌላው ነጋዴ ሊያንስ አይገባም።

ሠ/ አዋጅ ይሻሻላል፣ ይሻራልም። ማንም አባል ምክር ከመስጠቱ በፊት የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ ይመልከት፤ የእኔንም ንግግር በሕጉ ምትክ አይያዝ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ፣ የአትክልት ዋጋም ሲንር የጓሮ ገንዳ ቍጥር እንደሚጨምር አያጠራጥርም። ይህ ደስ ሊያሰኘን ይገባል። ነገር ግን ዛሬ በአንድ ወንፊትና በአንድ ደረሰኝ የሚቀደመውን ነገር ነገ በመረብም በገንዘብም ልንመልሰው አንችልም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው። እኔ ቅጠሉን በጊዜው አላነሣሁም፤ እናንተ ግን ጊዜው አላለፈባችሁም።