የቀይ ቀበሮ ሐቅ በእኛ ላይ

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከባሌ ደጋ ከአንድ ከብት አርቢ ወንድማችን ጥያቄ ደርሶናል። ሰዎች ውሾቻችንን ሊከትቡ ወደ መንደራችን ይመጣሉ፤ ክትባቱ ቀይ ቀበሮ እንዳይጠፋ ነው ይሉናል። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ግን ውሻ ነጃሳ ነው፣ ይዞ ማስከተብ ምን አመጣው፣ ቀበሮስ ቢጠፋ ምን ይጎድለናል ይላሉ። ሸሪዓው ምን ይላል? ጥያቄው ይህ ነው። ለባሌ ሰው ብቻ የሚተው ስላልሆነ የዛሬውን ጊዜያችንን ልንሰጠው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ጥቂት እንወቅ። የባሌ ሰው በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል። አላህ (ሱ.ወ) ከሰፊው ምድር ሁሉ ይህን ፍጡር ያኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርዳም ቦታ። በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲና በባሌ ይገኛል። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ የነበሩት ግን ጠፍተዋል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት በሙሉ ቢቆጠሩ 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በአንድ ትልቅ መስጊድ ለጁምዓ የሚሰበሰበው ጀመዓ ከዚህ ይበልጣል።

ሪዝቁ አይጥና ፍልፈል ነው። ከሪዝቁ አንዱ የሆነው ግዙፉ ፍልፈልም ከባሌ ሌላ የትም የለም። ግልገል የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ ኑሮው በዚያ ላይ አይደለም። ቀን ቀን ለየብቻው ያድናል፤ ሲመሽ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ እየተላላሰ ይገናኛል። ቡችሎቹንም ሁሉም ተባብረው ያሳድጋሉ። ሱብሓነላህ! ስንቱ የሰው ቤተሰብ ነው ማታ ማታ እንዲህ የሚገናኘው?

ግን ይኸው መላላስ በሽታ በገባ ጊዜ መጥፊያቸው ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነውና አንዱ ከተያዘ ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል። በባሌ ይህ ደጋግሞ ደርሷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በሽታው ገብቶባቸዋል። በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስቱ ያህል በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። በሽታውን ወደ ተራራው የሚያመጣው ማን ነው? ከከብቱ ጋር የሚወጣው የእኛው ውሻ ነው።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄዱትም ሆኑ በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደ እኛው ኡማዎች መሆናቸውን ነግሮናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥም ጉንዳን የነከሳቸው አንድ ነብይ መንደሩን በሙሉ ስላስቃጠሉ አላህ ወቅሷቸዋል። የነከሰቻቸው አንዲት ሆና ሳለ አላህን የምታጠራ አንዲት ኡማ መጥፋቷ ነው ያስወቀሳቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የአንድ የጉንዳን መንደር ነገር እንዲህ ከሆነ፣ ከምድር ላይ ተተኪ የሌለው ኡማ በእኛ ቸልተኝነት ተስቢሑ ቢቋረጥ ምን እንመልሳለን? ሥጋው አይበላም ወይም ለእኛ አይጠቅመንም ማለት መልስ አይሆንም። የፈጠረው እኛን አማክሮ አይደለም።

ስለ ውሻው ደግሞ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ምክንያት ውሻ የሚይዝ ሰው በየቀኑ ከአጅሩ እንደሚቀነስበት ሲያስጠነቅቁ ለመንጋ ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዘውን ለይተው ፈቅደዋል። ስለዚህ የእረኛ ውሻ መያዙ የተፈቀደ ነው። የተፈቀደ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሊያበላው፣ ሊያጠጣውና ጉዳቱን ሊከለክል ግዴታ አለበት። የነጃሳው ነገር ቀላል ነው። በሻፊዒይ መዝሐብ ደረቅ እጅ ደረቅ ጸጉር ቢነካ ነጃሳ አይተላለፍም፤ ምራቁ ወይም እርጥበቱ ከነካን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር አድርገን እናጥባለን። የማሊኪይ ዐሊሞችማ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢሆን ማሰሪያውን ይዞ ማስከተብን የሚከለክል አናገኝም። የፊቅህ ሊቃውንት ተናካሽነቱን እያወቀ ውሻውን ሳያስር የለቀቀ ሰው ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ብለዋል። ክትባት በነፃ ደጁ ድረስ መጥቶለት ውሻውን የሚደብቅ ሰውም ከዚህ ሩቅ አይመስለንም።

የግጦሹም ነገር አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሣሩ በከብት ብዛት ሲያልቅ ፍልፈሉ ይጠፋል፤ ፍልፈሉ ሲጠፋ ቀበሮውም አይኖርም። ለድሃው አርቢ ግን ከብቱ ሕይወቱ ነው፤ ይህን አንዘነጋም። የተከለለ ግጦሽ በእስልምና እንግዳ አይደለም፤ ሒማ ይባላል። ዑመር (ረ.ዐ) የሒማውን ጠባቂ ሁነይን ሲሾሙ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዑሥማን ኢብን ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን ከብት ግን እንዲከለክል አዘዋል። ሁለቱ ከብታቸው ቢያልቅ ተምርና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ከደጃቸው ይመጣል። እነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰሓቦች ከተከለከሉ፣ ከተማ ተቀምጦ መቶ ከብት በቅጥር እረኛ ወደ ተራራው የሚልክ ሀብታም ምን ሊል ነው? ክልከላው ከእሱ ይጀምር እንላለን።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት እየተሰጣቸው ነው። ቢሆንም የውሾቹ ክትባት አልቀረም። ጥቅሙም ለቀበሮ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በሽታ ልጆቻችንም ይሞታሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ጥያቄውን ለላክልን ወንድማችን፦ ከታቢዎቹ ሲመጡ ውሻህን አስረህ ጠብቃቸው፤ የጎረቤትህንም አሳስብ። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰላም በልልን።