የዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራና የሊበን አፈር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ ሙከራቸውንና የምርምር መሣሪያቸውን በጋራ ስለሚገለገሉበት መንገድ ነው። ነገሩ የሊቃውንት ብቻ መስሎ ቢታይም ከሊበን ገበሬ ጎተራ ጋራ የተያያዘ ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ዝናቡ ብዙ በመሆኑ፥ ውሃው እንደ ካልሲየም ያሉትን ማዕድናት ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳቸዋል፤ መሬቱም እየኮመጠጠ ይሄዳል። የኮምጣጣነቱ መለኪያ፥ ፒኤች የሚባለው፥ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም የተባለው ንጥረ ነገር በአፈሩ ውስጥ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም ተክሉ እንዳያገኘው አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ እንግዲህ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚበቃ በዓይን አይታወቅምና አፈሩ ሊመረመር ይገባዋል።

ፒኤችን ለመለካት አነስተኛ መሣሪያ ይበቃል፤ ይህን ቡሬ ላይ ማድረግ አያስቸግርም፥ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ካምፓስ አለውና። ማዕድናቱን አንድ በአንድ ለይቶ የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአፈሩ የተወሰደውን ፈሳሽ በአሲቲሊን ነበልባል ውስጥ እያሳለፈ የሚለካ ሲሆን፥ ለየንጥረ ነገሩ የተለየ መብራት፥ ንጹሕ ጋዝ፥ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ቴክኒሽያን ይሻል። እንዲህ ያለውን በየካምፓሱ ማቆም፥ በእኛ አስተያየት፥ በየቤቱ ወፍጮ እንደ መትከል ነው። ወደ ወፍጮ የሚሄደው እህሉ እንደ ሆነ ሁሉ፥ እዚህም የሚጓዘው አፈሩ ነው። በጥላ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ተነፍቶ፥ የተወሰደበት ማሳ ተጽፎበት በከረጢት ከታሰረ፥ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ቢደርስ አይበላሽም። መንገድ ተዘግቶ ሳምንት ቢዘገይም እንኳ ይታገሣል።

ሀገራችን ለዚህ ዓይነት ኅብረት አዲስ አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ የዓለማያው እርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከሌሎች ጋራ በአንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክና የመምህራን ኮሌጁ ተጣምረው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። በውጭ ሀገርም፥ ዮርዳኖስ ውስጥ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ሴሳሚ በተባለው የምርምር ጣቢያ፥ በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ኢራንና እስራኤል አባል ሆነው ተመዝግበዋል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ምን ያግዳል? ስምምነቱ ይፈረማል፥ ፎቶግራፉም ይነሣል (ይኸኛው መቼም ተረስቶ አያውቅም)፤ መሣሪያው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተቆለፈ ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አድማጭ ምክንያቱን አያጣውም። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፥ በሞዴል 22 በአንድ ሰው ስም ወጥቷል። ያ ሰው መሣሪያው በእንግዳ እጅ ቢሰበርበት ይጠየቃል፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመጣ ተመራማሪ ቢከፍትለት ግን የሚያመሰግነው የለም። ቢቆልፈው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ከፕሬዚዳንቶቹ ፊርማ ይልቅ የሚያስፈልገው የንብረትና የሒሳብ ክፍሎቹ ስምምነት ነው። ለብልሽቱ ማን ይከፍላል? ጋዙና መብራቱ ከማን በጀት ይገዛል? ቴክኒሽያኑ ለትርፍ ሰዓቱ ምን ያገኛል? እነዚህ በጽሑፍ ከተወሰኑ ቁልፉ ይከፈታል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ሊወሰን ይገባዋል። ኖራ ከዘር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋራ መዋሐድ አለበት። የሊበን አፈር በጥርና በየካቲት ካልተመረመረ፥ ውጤቱ ሐምሌ ላይ ቢደርስ ለዚያ ዓመት ሰብል አይጠቅምም። እነዚህ ሁለት ወራት ደግሞ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል፥ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ያህል ለገበሬው ናሙና ብቻ እንዲያዝ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሊጨመር ይችላል።